ስለ ሳነቴ ሲጻፍ ፍልፈሉም ይነሣ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የጉዞ ገጽ ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ለሀገራችን ተራሮች፣ ዕፅዋትና አራዊት ሙሉ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ ብዙ ስላይደለ በቅድሚያ ልትመሰገኑ ይገባል። ጽሑፉ የሳነቴን አምባ ስፋት፣ የሐረና ደንን ጥቅጥቅነት፣ የቀይ ቀበሮንና የደጋ አጋዘንን ውበት አሳምሮ ገልጿል። ይሁን እንጂ በዚሁ አካባቢ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎት አግኝቼዋለሁ። እንስሳቱ አንድ በአንድ ሲጠሩ ምን በልተው እንደሚያድሩ፣ በምን ተጠልለው ውርጩን እንደሚያልፉ፣ የአንዱ መጥፋት ሌላውን እንዴት እንደሚጎዳ ሳይነገር ቀርቷል። አንባቢው የሚያምሩ እንስሳትን ስም ዝርዝር ይዞ ይቀራል እንጂ ፓርኩ ለምን በቀላሉ ሊጎዳ እንደሚችል አያውቅም። ይህን ክፍተት በተቻለኝ መጠን ለመሙላት እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ፤ በተለይም በጽሑፉ ስሙ እንኳ ያልተነሣው ፍልፈል ተገቢውን ቦታ እንዲያገኝ እፈልጋለሁ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ይህ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ላይ ነው፤ ስፋቱም ከ2,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝቅተኛው ቦታ በሐረና ደን ታችኛው ጠርዝ 1,500 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በዚህ የከፍታ ልዩነት ውስጥ በጫካ የበቀለ ቡና፣ ቀርከሃ፣ ኮሶ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ፣ በመጨረሻም ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ አምባ በየተራቸው ይገኛሉ። ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርድ መንገደኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያያል። ብዙዎቹ ጎብኚዎች ግን ከመኪና ሳይወርዱ ስለሚያልፉ የሚያዩት ሰማዩንና የሩቁን አድማስ ነው።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ አምባ ሲሆን፣ በአፍሪካ በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሳይቆራረጥ የተዘረጋ ይህን የሚያህል ሰፊ መሬት የለም። በደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ቀን ፀሐዩ ፊትን ይለበልባል፤ ሌሊት ግን በየኩሬው ላይ በረዶ ይጋገራል። በሌላ አገር በበጋና በክረምት መካከል የሚታየውን የሙቀት ልዩነት እዚህ ያሉት ዕፅዋት በየዕለቱ ይችሉታል። አብዛኞቹ መሬት ለመሬት ተጣብቀው የሚያድጉት፣ ቅጠላቸውም በብርማ ጸጉር የተሸፈነው ነፋሱንና ውርጩን ለመቋቋም ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቀና ብሎ የሚታየው ጅብራ ነው። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ እየጨመረ ያድጋል፤ ሌሊት ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በመሐሉ ያለውን ለጋ እንቡጥ ከውርጭ ይከልላል። ጊዜው ሲደርስ ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣል፤ ወፎች ማሩን ይቀስማሉ፤ ዘሩም በነፋስ ከተበተነ በኋላ ተክሉ ቆሞ ይደርቃል። የደረቀውን ግንድ አይተው ሰው ያቃጠለው ወይም በሽታ የመታው የሚመስላቸው ጎብኚዎች አጋጥመውኛል። እንዲያውም አንዳንዶቹ ደረቅ ስለሆነ ምንም አይጎዳም ብለው ለማገዶ ይገነድሱታል፤ ይህ መቆም ያለበት ድርጊት ነው። ከደረቀው ግንድ ሥር የሚበቅሉት ችግኞች ለማበብ እንደ እናታቸው ረጅም ዕድሜ ይፈልጋሉና በእግር መረገጥ የለባቸውም።

አሁን ወደ ፍልፈሉ ልምጣ። ፍልፈል ሲባል ብዙ ሰው ማሳ የሚያበላሽ ትንሽ አውሬ ያስባል። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ግን ከባሌ ተራሮች ውጪ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ሲሆን፣ ትልቁ አንድ ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል። ዐይኖቹ ወደ ጭንቅላቱ አናት የተጠጉ በመሆናቸው ከጉድጓዱ ጥቂት ብቅ ብሎ ዙሪያውን መቃኘት ይችላል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ መሬቱን ሲያሞቀው የጉድጓዱን አፍ የደፈነበትን አፈር ገፍቶ ይከፍታል፤ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ የደረሰበትን ሣርና ቅጠላ ቅጠል በጥርሱ ይነቅላል፤ አፉን ከሞላ በኋላም ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላው እየተንሸራተተ ይገባል። በዚያ ቀዳዳ ዙሪያ የሚበላው ሲያልቅ ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ይህን በየቀኑ ሲያደርግ ከሥር ያለው አፈር ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው ወደ ታች ይገባል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በቀላሉ ይሰርጋል፤ በተገለበጠው አፈር ላይም አዳዲስ ቡቃያዎች ይወጣሉ። ሳነቴን በእግሩ የሄደ ሰው መሬቱ ስፖንጅ ላይ እንደመራመድ እየሰመጠ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው። በየጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማ ትታያለች፤ ፍልፈሉ አፈሩን ሲገለብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ አይታ ስትጮኽ ደግሞ እሱም ወደ ጉድጓዱ ይሰወራል።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በዚህ ፍልፈልና በዙሪያው በሚኖሩት የሣር አይጦች ነው። በባሌ ከሚበላው ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ረጅሙና ቀጭኑ አፉ፣ ረጃጅም እግሮቹ፣ ቀን ቀን ለብቻው የማደን ልማዱ ሁሉ ከዚህ ምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ማለዳና አመሻሽ ላይ የመንጋው አባላት ተሰብስበው ድንበራቸውን ይቃኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፤ ለአደን ሲሆን ግን ይለያያሉ፤ አንድ ፍልፈል ለአንድ ቀበሮ እንጂ ለመንጋ አይበቃምና። ከፍልፈሉ ጉድጓድ ጥቂት ርቆ በሆዱ የተለጠፈ፣ ጆሮውን ያቆመ፣ ለረጅም ጊዜ የማይነቃነቅ ቀይ ቀበሮ ካያችሁ አድፍጦ እየጠበቀ ነው። መኪና አቁሞ በር መዝጋት እንኳ ይህን ድካሙን ያበላሽበታል።

በዓለም ላይ በሙሉ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ነው። ስሜንም መንዝም አርሲም የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በቅርብ ዓመታት የተደረገ አንድ ግኝትም ልጥቀስ፤ እነዚሁ ሥጋ በል እንስሳት በባሌ ውስጥ ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ ሆኖ የሚያብበውን አሸንዳ የሚባለውን ተክል እየዞሩ ማሩን ሲልሱ ታይተዋል፤ አፍንጫቸውም በአበባ ብናኝ ይሸፈናል። የአካባቢው እረኞች ልጆችም ይህን አበባ ሲመጥጡት አይቻለሁ። አንድ ትልቅ ሥጋ በል ብናኝን ከአበባ ወደ አበባ ያደርስ ይሆናል የሚለው ጥያቄ የተነሣው ከዚህ በመነሣት ነው። ለቀይ ቀበሮው ይህ ጣፋጭ ነገር እንጂ ዋና ምግቡ አይደለም፤ ፍልፈሉ ከሌለ አበባው አያቆየውም።

የፍልፈሉና የሰው ታሪክም የቆየ ነው። በዌብ ሸለቆ አካባቢ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፍንጫ ሀበራ በሚባል የዐለት መጠለያ ውስጥ የተካሄደው ቁፋሮ ውጤት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በውጤቱ መሠረት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ኖረዋል፤ ዋና ምግባቸው የነበረውም በእሳት የተጠበሰ ግዙፍ ፍልፈል ነው። በዚያ ዘመን በተራሮቹ አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበረ፤ ግግሩ ጠርቦ ከተዋቸው ጎድጓዳ ቦታዎች አንዱ ዛሬ ጋርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የሰው ልጅ ይህን ያህል ቀድሞ መኖሩ የዓለምን ሳይንቲስቶች ያስገረመ ግኝት ሆኖ ሳለ፣ በትምህርት ቤቶቻችን እንኳ በቅጡ አይነገርም። ጋዜጣችሁ አንድ ቀን ሰፋ አድርጎ ቢያወጣው ለተማሪዎቼ ደስ ብሎኝ አነብላቸዋለሁ።

ያ ቀዝቃዛ ዘመን ትቶልን የሄደው ሐይቅ ብቻ አይደለም። የቀይ ቀበሮው ቅድመ አያቶች ከአውሮፓና ከእስያ ተኩላ ጋር ቅርብ ዝምድና ያላቸው ሲሆኑ፣ ወደዚህ የመጡትም ከዚያው አቅጣጫ ነው። ወርቃማው ንስር፣ ቀይ መንቆር ያለው ጥቁር የገደል ቁራ፣ ቀላ ያለው ትልቅ ዳክዬ በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተለመዱ ወፎች ናቸው፤ ባሌ ላይ ግን ከዘመዶቻቸው እጅግ ርቀው ጎጆ ሠርተው ይፈለፍላሉ። ከእነሱ ጎን ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ብቻ የሚገኙት ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ፣ ወፍራም መንቆር ያለው ቁራና ሌሎችም አሉ። በክረምት ሳነቴ ላይ የሚፈጠሩት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ለብዙዎቹ መመገቢያ ስለሚሆኑ፣ ጭቃ ነው ብሎ በመኪና ማቋረጥ ትልቅ ጥፋት ነው።

ስለ ደጋ አጋዘን ጽሑፋችሁ በቂ ስላለ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ይህ ጠመዝማዛ ቀንድ ያለው ትልቅ እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ በመጨረሻ የታወቀው እሱ ነው። በዲንሾ ኮረብታ ጥድና ኮሶ ሥር፣ በጋይሳይም ጭቁኝ በሞላበት ሜዳ በቀላሉ ይታያል። በቀላሉ መታየቱ ግን ብዙ አለ የሚያሰኝ አይደለም፤ በዚያች ጠባብ ቦታ የተሰበሰበው ሌላ መሸሸጊያ ስላጣ ነው።

አስታ ግን ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ከሳነቴ ወደ ሐረና ሲወረድ የሚገኘው የአስታ ጫካ አብዛኛውን ጊዜ በደመና ውስጥ ነው። በቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበትና ግንዱን የሸፈነው አረንጓዴ ሽበት የደመናውን እርጥበት ይይዛሉ፤ ዝናብ ባይዘንብ እንኳ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ይህ ውሃ ከሳነቴ ረግረግ ጋር ሆኖ የዌብን፣ የወልመልን፣ የዱማልን፣ የገናሌንና የዋቤ ሸበሌን ገባሮች ይመግባል። ታች በቆላው፣ በሶማሌ ክልል፣ አልፎም በሶማሊያና በኬንያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ውሃ ላይ እንደሚመካ ይነገራል። የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈውም ይኸው ዌብ ነው።

አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። እረኞችም ለከብቶቻቸው ለጋ ቅጠል ለማግኘት ሲያቃጥሉት የኖሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ እሳትን ሁሉ በአንድ ዐይን ማየት ትክክል አይመስለኝም፤ በትንሽ በትንሽ ቦታ፣ በቂ ዓመት አሳርፎ ማቃጠል አንድ ነገር ነው። በድርቅ ወቅት የተለቀቀ፣ ወይም ጫካው ሳያገግም በላዩ ላይ የሚደጋገም እሳት ግን የሚያቆጠቁጠውን ሥር ራሱን ይገድለዋል። በ1992 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ምን እንዳደረገ የአካባቢው አዛውንቶች ዛሬም ያስታውሳሉ።

ከአስታው በታች ያለው ሐረና ለብቻው አንድ ደብዳቤ ይወጣዋል። በቀርከሃው ውስጥ ቀርከሃ በመብላት የሚኖረው የባሌ ጦጣ፣ ጉሬዛው፣ አንበሳው፣ በዛፍ ላይ በሚሰቀል ቀፎ የሚመረተው ማር፣ በጥላ ሥር የሚለቀመው የጫካ ቡና ሁሉም እዚያ ናቸው። ከዚያ ደን በስተቀር በዓለም ላይ የትም ያልተገኘች አንዲት ትንሽ እንቁራሪትም አለች፤ በካቻ አካባቢ ያለው ደን ከተመነጠረ እሷን የምናገኝበት ሌላ ቦታ አይኖርም።

ስጋቴን በግልጽ ልናገር። ቀይ ቀበሮን በብዛት የፈጀው ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የውሻ እብደት በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ታላቅ እልቂት አስከትሏል። በ2003 እ.ኤ.አ. እንደገና ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ ከተጠቁት መንጋዎች አባላት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። ከዚያ በኋላም በ2008 እ.ኤ.አ. ተመልሷል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ የውሻ በሽታ ተከትሎታል። ለዓመታት ውሾችን በመከተብ የተሠራው ሥራ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ መሰጠት የጀመረው ክትባት ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን የከብት እረኛ ተከትሎ ወደ ሳነቴ የሚወጣ፣ ወይም ከከተማ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ ይህን ሁሉ ድካም ሊያፈርሰው ይችላል።

ሁለተኛው ስጋቴ የፍልፈሉ መሬት ነው። በጥንቱ የጎዳንቱ ሥርዓት የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን በወቅቱ ወደ ደጋው ያወጣና በወቅቱ ይመልስ ነበር፤ ሣሩም አፈሩም የሚያርፍበት ጊዜ ያገኝ ነበር። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ በፓርኩ ውስጥ የሚኖረው ሰውና ከብት በዝቷል፤ ማረሻም ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከብት ደጋግሞ በረገጠው መሬት ላይ አፈሩ ይጠጥራል፤ ሣሩ ያጥራል፤ የፍልፈሉና የአይጦቹ ቁጥር ይቀንሳል። ቀበሮው በጥይት ሳይነካ፣ በበሽታም ሳይያዝ፣ ምግቡን በማጣት ብቻ ሊጠፋ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው። ነዋሪዎቹን ጥፋተኛ ማድረግ አልፈልግም፤ ብዙዎቹ ሌላ መሬት የሌላቸው ድሆች ናቸው፤ ቀድሞ የጠበቀውን ሥርዓት የሠሩትም የእነሱ አባቶች ናቸው። ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ ከብቱ መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያርፍ መወሰን ግን ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ሳነቴን የሚያቋርጠው መንገድ በአህጉራችን ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ የሚኮሩበት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን አምባው ሜዳ ስለሆነ ሾፌሮች ፍጥነት ይጨምራሉ፤ በመኪና ተገጭተው የሞቱ ቀይ ቀበሮዎች አሉ። ከመኪና መስኮት የሚጣል የምግብ ትራፊም ቀበሮውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ይስበዋል፤ ውሻንም ይስበዋል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትንም ዕድል ያሰፋል።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ በተካሄደው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ላይ የባሌ ተራሮች ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ የጎብኚው ቁጥር እንደሚጨምር ሁላችንም ተስፋ አድርገናል፤ ይህም ለጎባ፣ ለሮቤና ለዲንሾ ሕዝብ ገቢ ስለሚያስገኝ የሚደገፍ ነው። በዚህ ወቅት ስለ ፓርኩ የሚጻፈው ነገር ጎብኚው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ የመወሰን አቅም አለውና፣ ከጋዜጣችሁ ሁለት ነገሮችን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ባሌ የጉዞ ጽሑፍ ባወጣችሁ ቁጥር ከሆቴልና ከመንገድ መረጃ ጎን ጥቂት መስመር ጨምራችሁ፣ ሳነቴ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ከመንገድ አለመውጣት፣ ምግብ አለመጣል፣ ውሻ ይዞ አለመግባት፣ ጅብራም ሆነ አስታ አለመቁረጥ እንደሚገባ አሳስቡ። ሁለተኛ፣ በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የውሾች ክትባት ሲካሄድ ቀኑንና ቦታውን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ አትሙልን። ጋዜጣችሁ በየገበያው ቀን ጎባና ዲንሾ ይደርሳል፤ በየሻይ ቤቱም ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፤ ውሻ ያለው ገበሬ የክትባቱን ቀን ከዚያ ሰምቶ ሊመጣ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ባሌ ጎባ